ስሙን በጊታር ሆድ ውስጥ የጻፈው አናጢ

ድሬዳዋ የጊታርና የዑድ ከተማ ናት ብል ከከዚራም ሆነ ከመጋላ የሚከራከረኝ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩና ህንዱ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ የሰፈረባት ከተማ ናትና እንግዳ ዜማም ሆነ እንግዳ መሣሪያ አያስደነግጣትም። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተው እዚሁ ነው። ዑዱንም ጊታሩንም የሚጫወተው አንጋፋው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ የዚህች ከተማ ልጅ ነበር፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍም አፈሯን የቀመሰው እዚሁ ድሬ ነው።

ዘፋኙን እናውቃለን። ዜማ ደራሲውንም እየቆየን ማወቅ ጀምረናል። ሆኖም ያንን ዑድ የጠረበው፣ ያንን ጊታር ያጣበቀው፣ የክራሩን ገበቴ የቦረቦረው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ጥያቄው የመጣልኝ በዕድሜዬ ከሃምሳ ካለፍኩ በኋላ፣ በእጅ የተሠራን ጊታር ድምፅ ከፋብሪካው ለይቼ ለማዳመጥ መሞከር ስጀምር ነው። ተጫዋች አይደለሁም፤ አዳማጭ ነኝ። አዳማጭነቴ ግን ወደ አንድ የስፔን አናጢ ሕይወት ወሰደኝ። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። በትረካው ውስጥ የምጠቅሳቸው የስፔን ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ስሙ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ሁራዶ ይባላል። የተወለደው ሰኔ 13 ቀን 1817 በደቡብ ስፔን፣ ከአልሜሪያ ከተማ ጥግ በምትገኝ ላ ካኛዳ በምትባል መንደር ነው። በእኛ አገር ታሪክ ብናስቀምጠው የመይሳው ካሳ እኩያ ነው። ካሳ በቋራ በረሃ ሲሸፍት፣ ቶሬስ በአልሜሪያ መላጊያና መሮ ይዞ እንጨት ይልግ ነበር። ገና በ12 ዓመቱ ለአናጢ ተቀጥሮ ሙያ መልመድ ጀምሯልና።

ወጣትነቱ የሚያስቀና አልነበረም። በ1830ዎቹ ስፔን በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ እሱም ለውትድርና ተመለመለ። አባቱ ብዙ ደክሞ በሕመም ሰበብ ካስለቀቀው በኋላ፣ ዳግመኛ እንዳይወሰድ ቶሎ ትዳር እንዲይዝ ተደረገ። በ1835 ያገባት ሁዋና ማሪያ ገና ልጅ ነበረች። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ቤቱን ዕዳ አስጨነቀው። በ1845 ደግሞ ሁዋና ማሪያ በ23 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ቶሬስ በ28 ዓመቱ ገደማ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ቀብሮ፣ ዕዳ ተሸክሞ ቀረ። ከዚያም አገሩን ትቶ ወደ ሴቪል ከተማ አቀና።

ሴቪል የአንዳሉስያ ትልቅ ከተማ ናት፤ ጊታር ሠሪዎቿም ብዙ ነበሩ። ቶሬስ አናጢነቱን እንደያዘ የጊታር ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ነገሩን እንደ ዋና እንጀራው እንዲይዘው ያበረታታው ሁሊያን አርካስ የተባለ፣ የአልሜሪያ አካባቢ ተወላጅ የሆነ ስመ ጥር ጊታር ተጫዋች እንደነበር ይነገራል። አርካስ ከቶሬስ 15 ዓመት ያንሳል። ነገር ግን ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ነበር። እንደኔ ግምት አንድ የእጅ ባለሙያ በሕይወቱ ከሚያገኛቸው ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሥራውን የሚሰማለት ሰው።

እዚህ ላይ ጊታር በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ጊታር ከዛሬው ያነሰ፣ ወገቡና ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ድምፁም ቀጠን ያለ መሣሪያ ነበር። ለሳሎን ይበቃል፤ ለአዳራሽ ግን ይደክማል። ፒያኖ የሚባል ጉልበተኛ በየቤቱ በገባበት ዘመን ጊታር ከቁም ነገረኛ ሙዚቀኞች ዘንድ እየተገፋ ነበር። ቶሬስ ይህንን ችግር ለመፍታት የወሰዳቸውን እርምጃዎች ሙያተኞች ሲያስረዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። አካሉን አሰፋው። የፊቱን ጣውላ አሳሳው። ጣውላው ስስ ሲሆን በክሮቹ ጉተታ እንዳይሰበር ከውስጥ በኩል ሰባት ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ደገፈው። ፊቱንም ዝርግ ከማድረግ ይልቅ በትንሹ ጎበጥ አደረገው። የክሩን ርዝመት በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጸናው። የማራገቢያውን አደራረግ እሱ አልፈለሰፈውም፤ ከእሱ በፊት የነበሩ የአንዳሉስያ ሠሪዎችም ይጠቀሙበት ነበር። የእሱ ብልሃት የሌሎችን ግኝት ሰብስቦ በልክ ማዋሃዱ ነው። ጥሩ ወጥ ሠሪ በርበሬውንም ሽንኩርቱንም አልፈጠረችም፤ ልኩን ግን እሷ ታውቀዋለች።

በ1856 ከሠራቸው ጊታሮች አንዷ ላ ሊዮና ትባላለች፤ አንበሲት ማለት ነው። አርካስ በየመድረኩ ይዟት የዞረው እሷን ነው። ያኔ ጊታር ክሩ የናይሎን አልነበረም። ናይሎን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአንበሲት ቀጫጭን ክሮች ልክ እንደ በገናችን ከበግ አንጀት የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ለአንድ የበገና አድማጭ ያ የሞቀና የጠለቀ ድምፅ ጨርሶ ባዕድ አይሆንበትም። በ1858 በሴቪል በተካሄደ አውደ ርእይ ቶሬስ በእንጨት ጥልፍ ያጌጠች ጊታር አቅርቦ የነሐስ ሜዳልያ ተሸለመ። ስሙም ከዚያ ወዲህ ገነነ።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን በ1862 ያደረገው ነገር ነው። ቶሬስ የጊታር ድምፅ የሚመነጨው ከፊቱ ጣውላ ነው ብሎ ያምን ነበር። በዘመኑ ደግሞ ጀርባና ጎኑ ውድ በሆነ እንጨት ካልተሠራ ጊታር ጊታር አይሆንም የሚል እምነት ነበር። ቶሬስ በክርክር ጊዜ አላባከነም። ጀርባውንና ጎኑን ከካርቶን፣ አዎ ከወረቀት ካርቶን፣ የፊቱን ጣውላ ብቻ ከጥሩ እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። የሰሙት ሁሉ ድምፁን አደነቁ። ያቺ የካርቶን ጊታር ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። የሕግ ሰው ነኝና ማስረጃ ስመዝን ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ማስረጃ ግን በፍርድ ቤት ብዙም አልገጠመኝም። የክራር አድናቂ የሆነ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የክራሩን ገበቴ ብትለውጡት ድምፁ ጥቂት ይለወጣል፤ ፊቱ ላይ የተወጠረውን ቆዳ ብትለውጡት ግን ሌላ ክራር ያዛችሁ ማለት ነው።

ታዲያ የእጅ ጊታርና የፋብሪካ ጊታር ልዩነቱ ምንድን ነው ለሚለኝ መልሴ ከዚሁ ከፊቱ ጣውላ ይነሳል። ፋብሪካ ሺህ ጣውላ በአንድ ውፍረት ይቆርጣል። ሁለት ዛፎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ይጠነክራል፣ አንዱ ይለሰልሳል፣ አንዱ በብርድ ቀስ ብሎ ያደገ ነው፣ አንዱ ፈጥኖ የተመዘዘ ነው። በአንድ ልክ ሲቆረጡ አንዱ ከሚገባው በላይ ይወፍርና ይታፈናል፣ ሌላው ይሳሳና ይንኳኳል። የእጅ ሠሪ ግን ጣውላውን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጠዋል፣ ጎንበስ ቀና እያደረገ ያጥፈዋል፣ እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ እያለ ይልገዋል። ለእያንዳንዱ ጣውላ የራሱን ፍርድ ይሰጠዋል። ስለዚህ ጥሩ የእጅ ጊታር ስትሰሙ አንዲት ድምፅ ከተመታች በኋላ ቶሎ አትሞትም፤ ወፍራሙ ክር ቀጭኑን አይውጠውም፤ ቀስ ብሎ ሲነካም ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የፋብሪካውን ጊታር ለማጣጣል አይደለም። እሱ ባይኖር ኖሮ የሰፈራችን ልጆች ጊታር በእጃቸው ባልገባ ነበር። ነገር ግን ለሁሉ የተሰፋ ልብስና በልክ የተሰፋ ልብስ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ወደ ቶሬስ ልመለስ። በ1868 ሆሴፋ ማርቲን የተባለች ሴት አገባ። ይህ ዓመት አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉበት ነው። በቀጣዩ ዓመት አንድ የ17 ዓመት ጎረምሳ ጊታር ሊገዛ ወደ ሴቪል ሱቁ መጣ። ቶሬስ ለጎረምሳው አቅም ትመጥናለች ያላትን ተራ ጊታር አቀረበለት። ልጁ ሲጫወት ግን ጆሮውን ማመን አቃተው። ወደ ጓዳ ገብቶ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1864፣ ለራሱ ብሎ ሠርቶ ያስቀመጣትን ጊታር አምጥቶ ሰጠው ይባላል። ልጁ ፍራንሲስኮ ታሬጋ ነበር። የዘመናዊ ክላሲካል ጊታር አባት የሚባለው እሱ ነው። ታሬጋን አላውቀውም የሚል አንባቢ ቢኖር እንደሚያውቀው ላስታውሰው። ኖኪያ ስልክ በየኪሳችን በነበረበት ዘመን ሌትና ቀን ያሰለቸን የነበረው ያ ጥሪ ታሬጋ በ1902 ከደረሰው የጊታር ቫልስ የተቀነጨበ ነው። ታሬጋ በዚያች የቶሬስ ጊታር ለረጅም ዓመታት ተጫውቶባታል።

እዚህ ላይ ታሪኩ በድል ይቀጥላል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ሜዳልያ የተሸለመው፣ የአገሩ ታላላቅ ተጫዋቾች ደጁን የሚጠኑት ቶሬስ በ1870 ገደማ የጊታር ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ወደ አልሜሪያ ተመልሶ ምን ከፈተ? የሲኒና የሳህን መሸጫ ሱቅ! በዘመኑ አቻ ያልነበረው እጅ ሳህን መጠቅለያ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጊታሩ ቤተሰብ አያኖርም ነበር። ዛሬ በጨረታ እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ የሚሸጡት እነዚያ ጊታሮች ለሠሪያቸው የዕለት እንጀራ እንኳ በወጉ አላበሉትም።

ሳህን መሸጡም ቢሆን ልቡን አላሳረፈውም መሰለኝ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1875 ገደማ፣ እየሸጠም ቢሆን ወደ መሮው ተመለሰ። በጊታሮቹ ሆድ ውስጥ በሚለጥፋት ወረቀት ላይም ከስሙና ከዓመቱ ጋር ሁለተኛ ዘመን የሚል ጽሑፍ አከለባት፤ ተራ ቁጥርም ይሰጣቸው ጀመር። እስቲ ይህንን ልብ በሉት። አንድ ድሃ አናጢ በቤቱ ጓዳ ተቀምጦ የራሱን ሕይወት በዘመን ይከፍላል፤ ነገሥታት እንጂ አናጢዎች ዘመን የላቸውም በሚባልበት ዓለም፣ ይህ የኔ ሁለተኛ ዘመን ነው ብሎ ይጽፋል። ለእኔ ከሜዳልያው ይልቅ ትልቁ ክብሩ ይህች ወረቀት ናት።

በ1883 ሁለተኛ ሚስቱ ሆሴፋም ሞተች። ቶሬስ አረጀ፣ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ገቢ ለመደጎም ቤቱን ለተከራዮች ከፈተ። በዚህ ጊዜ ሁዋን ማርቲኔስ ሲርቬንት የተባለ ወጣት ቄስ ወዳጁ እየመጣ አስቸጋሪውን ሥራ ያግዘው ነበር። ቶሬስ ዋናውን ሥራ ሲሠራ በሩን ዘግቶ፣ ማንም እንዳያየው ተጠንቅቆ ነበር ይባላል። አንድ ቀን በገበታ ላይ ይህንን ምስጢር ይዘህ መቃብር አትውረድ፣ ለሰው አስተምረህ እለፍ ብለው ወዳጆቹ ለመኑት። ቄሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1931፣ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ ቶሬስ ምስጢሩን ማስተላለፍ እንደማይችል ነገራቸው። የፊቱ ጣውላ ለድምፁ የሚስማማ ውፍረት ላይ መድረሱን የሚነግሩት የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፎች ናቸውና፣ ምስጢሩም ከእነሱ ጋር ይሄዳል አላቸው።

ይህንን ታሪክ ብዙዎች የስስት ምልክት አድርገው ያዩታል። እኔ አልስማማም። ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው። አንዳንድ ዕውቀት በቃል አይተላለፍም፤ ለዓመታት አጠገብ ተቀምጦ፣ የመምህሩ ጣት በነካው ላይ የራስን ጣት አሳርፎ ብቻ ይገኛል። ቶሬስ የጎደለው ቅንነት አልነበረም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚለምድ ተማሪ ነበር። ለተማሪ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ ተማሪም ሳህን ከሚሸጥ ሽማግሌ ምን አገኛለሁ ብሎ ይመጣል?

ቶሬስ ኅዳር 19 ቀን 1892 በ75 ዓመቱ አረፈ። የእኛዋ ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም ነበር፤ የባቡር ሐዲዱ ደርሶ ከተማዋ የተመሠረተችው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ቶሬስ በሕይወቱ ከ300 በላይ ጊታሮችን ሳይሠራ እንዳልቀረ ይገመታል። እስካሁን የታወቁት ግን መቶ አይሞሉም።

ከሞተ በኋላ ግን እንደ ቶሬስ የተከተሉት የለም። በማድሪድ ማኑዌል ራሚሬዝ የእሱን ጊታሮች እያየ ሠራ። በ1912 ከራሚሬዝ ሱቅ የወጣች ጊታር ለወጣቱ አንድሬስ ሴጎቪያ ተሰጠች። ሴጎቪያ በእሷ ዓለምን ዞሮ ጊታርን ከመጠጥ ቤት ወደ ታላላቅ አዳራሾች አወጣት። ጊታሯ ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ትገኛለች። በላይዋ ያለው ስም የባለ ሱቁ የራሚሬዝ ነው። በእጁ የሠራት ግን የሱቁ ሠራተኛ ሳንቶስ ኤርናንዴስ ነበር። ዛሬ በየትም አገር ያለ ክላሲካል ጊታር፣ ያ ከዓረብ አገር ወይም ከቻይና መጥቶ በታይዋን ገበያችን የሚሸጠው ጭምር፣ ቅርጹ የቶሬስ ቅርጽ ነው። ሆሴ ሉዊስ ሮማኒሎስ የተባለ፣ ራሱም ጊታር ሠሪ የሆነ ስፔናዊ መዛግብት አገላብጦና በየጊታሩ ሆድ የተለጠፉትን ወረቀቶች አንብቦ የቶሬስን የሕይወት ታሪክ በ1987 አሳተመ። ያቺ ትንሽ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ይህ መጽሐፍ አይጻፍም ነበር። እኔም ይህንን ባልጻፍኩ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በየቤታችን የተሰቀለውን ክራር፣ ማሲንቆ ወይም በገና አውርደን ብናገላብጠው የሠሪው ስም የለበትም። ለምን? ባለሙያው መጻፍ ስላቃተው ነው ብዬ አላምንም። እኛ የእጅ ሥራ የሚያዋርድ ነገር ነው ብለን ስላሳደግነው ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እያወጣን ስናንቋሽሽ የኖርን ሕዝብ ነን። አጼ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚያጠፋ ገብቷቸው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። አዋጁ ስድቡን ከአፋችን ቀነሰው እንጂ ከልባችን አላወጣውም። የተሰደበ ሰው ደግሞ በሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም፤ ይደብቃል።

የዛሬው ሕግ ምን ይላል ብትሉኝ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለዜማ አመንጪው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚው መብት ሰጥቷል፤ እሰየው። የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ አዲስ ቅርጽ ላወጣ የእጅ ባለሙያ በር ይከፍታል። ነገር ግን ሕግ ስም የሌለውን ሰው ሊጠብቅ አይችልም። መብት የሚጀምረው ባለመብቱ ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ከተማችን የባለ እጅ ከተማ ናት። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያፈራቸው ስንት ብረት አንጣሪዎች፣ ስንት አናጢዎች፣ ስንት ቀጥቃጮች ጥበባቸውን በጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው አፈር ገቡ? አሮጌው ባቡር ሥራ ሲያቆም የፈረሰው ሐዲድ ብቻ አልነበረም፤ አጠገብ ተቀምጦ የመልመድ ልማዱም ነው። የቀሩት ጥቂቶች ግን አሁንም አሉ። ክራር የሚሠሩ፣ ዑድ የሚጠግኑ፣ የተሰነጠቀ ጊታር የሚያጣብቁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መሣሪያ ስትገዙ ሠሪው ስሙን፣ ከተማውንና ዓመቱን ከውስጡ እንዲጽፍበት ጠይቁ። ካፈረ አበረታቱት። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ለመጫወት ተማሪ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ልጅ እንኳ ለመሥራት ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ያስቀምጡ፤ ለሽማግሌውም ለልጁም የሚከፈለውን ይክፈሉ። ቶሬስ ያጣው ይህንን ነበር። እኛ ከእሱ የምንሻልበት ዕድል አሁንም በእጃችን ነው፤ ባለሙያው በሕይወት እስካለ ድረስ።

ቸር እንሰንብት።